ሐዘን ባለበት ዓመት የደመራውን ብርሃን ለማየት መውጣት እንዴት ይሆናል?

የሐይቅ ዳሯ (ጠያቂ)፣ መስከረም 6

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ምክር ፈልጌ ነው። ነገሩ ለሌላው ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ቤት ግን ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ሲያነጋግረን ሰንብቷል።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ሐይቅ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ በሚርቅ ሰፈር ነው። ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ መስከረም 16 ማታ ቤተሰባችን የማያስታጉለው አንድ ልማድ አለው። የሰፈሩ ደመራ ተለኩሶ፣ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን እኛ ወደ ቤት አንገባም። አባታችን ከቤት ያመጡትን ችቦ ከደመራው ለኩሰው ከፊት ይቀድማሉ፤ እኛ ልጆቻቸው በዕድሜያችን ተራ ተከትለናቸው፣ እናታችን ደግሞ ማንም እንዳይቀር ከኋላ ሆነው፣ የየመንደሩን እሳት እያየን ወደ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። እዚያ ደርሰን ችቦው እስኪያልቅ ድረስ ቆመን ከማዶ የሚታየውን እሳት እንቆጥራለን፤ በደብረ ማርያም ደሴት በኩል ያለውን፣ በዘጌ አቅጣጫ ከጨለማው ውስጥ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን፣ ዕድለኛ በሆንበት ዓመት ከዚያም የራቀውን። ውኃው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ነጸብራቅ መቁጠር ክልክል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያልተጣላሁበት ዓመት የለም። አባታችን ግን ሁልጊዜ ከሁላችንም በአንድ አስበልጠው ይቆጥሩ ነበር። የእጃቸውን ችቦ እየጨመሩ እንደሆነ የገባኝ አሥረኛ ክፍል ከደረስኩ በኋላ ነው።

ዘንድሮ አባታችን የሉም። ሰኔ 20 ቀን አረፉ፤ ሰማንያቸውን ያወጣነው ከትናንት ወዲያ፣ መስከረም 4 ነው። ታላቅ ወንድማችን የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ የመንገዱ ነገር እንደምታውቁት ስለሆነ ለበዓሉ እንደማይመጣ ነግሮናል። ለሕክምናውና ለተዝካሩ ከወጣው ወጪ በኋላ እጃችንም አጥሯል። የእናታችን ጉልበት እንደ ድሮው ያን ሁሉ መንገድ አያስኬዳቸውም፤ ካመሸ በኋላ ባጃጅ ማግኘትም አስተማማኝ አይደለም።

እናታችን ጥቁር ለብሰዋል። ለቡሄ የመጡትን ልጆች ሙልሙል ሰጥተው መርቀው ሸኙ እንጂ በራችን ላይ ችቦ አልተለኮሰም፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማም እንዲሁ አለፈ። ባለፈው እሑድ የደመራውን ነገር ሳነሣባቸው «ዘንድሮ ከዚህ ቤት ችቦ አይወጣም» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ሽሮ እያማሰሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ነው የተናገሩት፤ የከበደኝም ይኸው ነው። በሌላ በኩል ዘጠኝ ዓመት የሆናት የእኅቴ ልጅ «አያቴ ከሌለ ከፊት የሚሆነው ማን ነው?» እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።

እናታችንን ሳናሳዝን፣ ልማዱንም ሙሉ በሙሉ ሳንጥለው ይህን ዓመት የምናልፍበት መንገድ ይኖር ይሆን? በእንዲህ ያለ ዓመት ያለፈ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


እትዬ ከፋሲሎ፣ መስከረም 6

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

በመጀመሪያ የእናትሽን ቃል ደግመሽ አንብቢው። «ከዚህ ቤት ችቦ አይወጣም» አሉ እንጂ «ደመራ አትዩ» አላሉም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቃሉን ቆጥሮ ነው የሚናገረው። እኔ ባለቤቴን ካጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ በመጀመሪያው ዓመት ለልጆቼ የተናገርኩት ከዚህ እምብዛም የተለየ አልነበረም፤ ትርጉሙም እሳቱን ጠልቼ ሳይሆን፣ ከራሴ ደጃፍ ተለኩሶ ሲወጣ ማየት አልችልም ማለት ነበር።

ልጆቼ በቅንነት አንድ ስሕተት ሠሩ፤ እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምነግርሽ። ምንም እንዳልጎደለ እንዲመስለኝ ብለው ሁሉንም እንደ ድሮው ሊያደርጉት ሞከሩ፤ የአባታቸውን ጋቢ ለታላቁ ልጄ አልብሰው፣ ችቦውን አስይዘው ከፊት አቆሙት። የልጁ ቁመት የአባቱን ያህል ነው። ጋቢውን ከበስተኋላው በእሳቱ ብርሃን ሳየው ጉልበቴ ከዳኝና መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጆቹም እሳቱን ትተው እኔን ከበቡ። ስለዚህ የአባታችሁን ቦታ በልብስም ሆነ በሰው ለመሙላት አትቸኩሉ። ከፊት ማን ይሁን ለምትለው ሕፃን «ዘንድሮ ጎን ለጎን ነው የምንሄደው» ብትያት ይበቃታል፤ ልጆች እኛ እንደምናስበው አይደሉም፣ ቁርጡን ሲነግሯቸው ይቀበላሉ።

በዚያው ዓመት ነገሩን ያቀናችልን ጎረቤቴ ነበረች። በነገታው እኔን ሳታስፈቅድ የራሷን ችቦ ከራሷ ቤት ለኩሳ መጥታ ከአጥራችን ውጭ፣ ከመንገዱ ላይ ቆመች። ግቢ ውስጥ አልገባችም፤ ውጪ አላለችኝም። እኔ ከበረንዳዬ ሆኜ አየሁ፤ ቆይቼም እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ። የሐዘን ቤት ሰው ፈቃዱን ሲጠይቁት እምቢ ማለት ይቀለዋል። አንቺም ከእንግዲህ እናትሽን አትጠይቂ፤ ልቅሶ ላይ ከጎናችሁ ያልጠፋችውን ጎረቤት ፈልጊና ለእሷ ንገሪ።


ባጃጅ ነጂው፣ መስከረም 7

እኅቴ፣ ነፍስ ይማር። እኔ ቀለል ያለ ሐሳብ አለኝ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመሽ መብራቱ እጅግ ያምራል፤ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ከዳር እስከ ዳር በርቶ ከታች ውኃው ላይ ሲታይ ከተማችን አይመስልም። ዋናው ፍላጎት ቤተሰቡ አብሮ ብርሃን ማየት ከሆነ እናታችንን በጊዜ በባጃጅ ወስዳችሁ፣ ከመንገዱ ዳር አረፍ ብለው አይተው ብዙ ሳይመሽ መመለስ ይቻላል። ችቦ የለበት፣ ጭስ የለበት፣ እግር የሚያደክም ነገር የለበት። ልጅቷም ትደሰታለች።


የሜጫው፣ መስከረም 7

የወንድሜ የባጃጅ ነጂው ሐሳብ ከደግ ልብ የመጣ ነው፤ ድልድዩም ማማሩን አልክድም። ይሁን እንጂ የድልድዩ መብራት ጥቅምትም ይበራል፣ ግንቦትም ይበራል፤ ደመራው በዓመት አንድ ጊዜ ተለኩሶ፣ እያዩት ነድዶ የሚያልቅ በመሆኑ ነው ሰው ከቤቱ የሚያወጣው። ጠያቂዋ የምትጽፈው ልማድም ብርሃኑን ማየት ብቻ ሳይሆን ችቦው እስኪያልቅ አብሮ መቆም ነው፤ የማይጠፋ መብራት ፊት ቆሞ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?

እኔ ልናገር የፈለግሁት ስለ ሰዓቱ ነው። ያደግሁት ሜጫ ገጠር ውስጥ ነው፤ በእኛ ቀበሌ ደመራ የሚደመረው መስከረም 16 ሲሆን የሚለኮሰው ግን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ ጤዛው እግራችንን እያራሰው፣ እያንዳንዱ ቤት ችቦውን ይዞ «ኢዮሃ» እያለ ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ቦታ ሲመጣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ማየት ነበር በዓሉ። ባሕር ዳር ለትምህርት ስመጣ ማታ ሲለኮስ አይቼ «እነዚህ ሰዎች ምን ያስቸኩላቸዋል?» ብዬ ነበር። እንግዲህ በምሽት መጓጓዣ ካስቸገራችሁ፣ የሰዓት ገደብም ካለ፣ የእናታችሁም ሐዘን ከሰው ፊት የሚያስወጣቸው ካልሆነ፣ የመስከረም 17 ማለዳ በአገራችን ልማድ እንግዳ ነገር አይደለም። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚለኮስ ችቦ ጨለማውንም፣ ንጋቱንም ያገኛል። ማለዳ ነፋሱ በአብዛኛው ከየብስ ወደ ሐይቁ ስለሚሄድ ችቦ ያዡ ከፊት፣ እናታችሁ ከኋላ ከሆኑ ጭሱ አያስቸግራቸውም።

እጃችን አጥሯል ላልሽው ደግሞ ችቦ መግዛት አያስፈልጋችሁም። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከአጥር ሥር ሰብስቡ፤ አውራ ጣት የሚያህለውን ትታችሁ ቀጫጭኑን ምረጡ። የክረምቱ እርጥበት ገና ስላልለቀቀው ዛሬውኑ ማድ ቤት ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አድርጉት፤ በሳምንት ውስጥ በጭሱ ይደርቃል። ስታስሩት ከታች ቀጠን፣ ከላይ ወፈር አድርጋችሁ በየስንዝሩ በልጥ እሰሩት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንዳይፈታ እያለ ያንቀዋል። በጭራሮዎቹ መካከል አየር ካላለፈ ጫፉ ይጠቁራል፣ ይጨሳል እንጂ ወደ ታች አይነድም። ጣታችሁን በልጡና በእንጨቱ መካከል ማስገባት ከቻላችሁ ልኩ እሱ ነው።

ሐይቁ ዳር የምትወርዱ ከሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። ጣና ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ስለሆነ፣ በሰኔ ደረቅ የነበረው ድንጋይ አሁን ውኃ ውስጥ ወይም ሙልጭልጭ ነው፤ የለመዳችሁበት ቦታ ነው ብላችሁ በጨለማ አትጠጉ። ወቅቱም የወባ ነውና ልጅቷን እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሷት።


ዝም ያልኩ፣ መስከረም 8

ሁሉም ሰው ልማዱ እንዴት እንደሚቀጥል ስለሚመክር እኔ ሌላውን ልበል። ቢቀርስ? እኛ በኮሮናው ጊዜ፣ መስከረም 2013፣ ቤታችን ውስጥ ሰው ታሞ ስለነበር ደመራ አልወጣንም፤ ችቦም አላሰርንም። ለማካካስ ብለን ሳሎን ውስጥ ሻማ ደርድረን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከመቅረቱ ይልቅ እሱ ነው ሆዴን ያባባው። በተከታዩ ዓመት ግን ማንም ሳያስታውሰን ሁላችንም በሰዓቱ በር ላይ ቆመን ተገኘን። እናታችሁ ዘንድሮ ይቅር ካሉ ዘንድሮ ነው ያሉት። የጎረቤቱም ዘዴ፣ የማለዳውም ዘዴ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለአንዲት ሐዘንተኛ እናት ሦስት ሰው ተማክሮ ወጥመድ የዘረጋባቸው እንዳይመስላቸው እሰጋለሁ።


እትዬ ከፋሲሎ፣ መስከረም 8

ወንድሜ፣ የጻፍከው ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ጎረቤቴ ውጪ አላለችኝም ያልኩት። ባልወጣም ኖሮ ችቦዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር፤ በማግስቱም አታነሣብኝም። እንዲህ ማድረግ የማይችል ጎረቤት ከሆነ ባይነገረው ይሻላል።


መሪጌታ ያልሆነው፣ መስከረም 9

ከቤተ ክርስቲያን በኩል ያለውን በአጭሩ ልበል፤ ስሜ እንደሚናገረው ሊቅ አይደለሁም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነበርኩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደመራ እንዳያይ የሚከለክል ሥርዓት እኔ አልተማርኩም። ደመራው ራሱ የፍለጋ መታሰቢያ ነው፤ ንግሥት እሌኒ እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ በጭሱ ምልክትነት የተቀበረውን መስቀል ያገኘችበት ነው። በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበውም የተመዘገበው ይኸው ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚያከብረው ሥርዓት ነው።

እናታችሁ የትም ባይወጡ እንኳ የሚቀርላቸው አንድ ነገር አለ፤ እሱም አመዱ ነው። ደመራው ነድዶ ሲያልቅ ምእመናን አመዱን ግንባራቸው ላይ በመስቀል ምልክት እንደሚቀቡት ታውቂያለሽ። በመስከረም 17 ማለዳ ጥቂት አመድ በንጹሕ ወረቀት ቋጥራችሁ ውሰዱላቸው። ይህ ከቤት የሚወጣ ሳይሆን ወደ ቤት የሚገባ ነው፤ ከተናገሩት ቃልም ጋር አይጋጭም።


የሐይቅ ዳሯ (ጠያቂ)፣ መስከረም 19

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ያላችሁኝን ሁሉ ለመሞከር ጊዜ አልነበረኝም፣ የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

መስከረም 16 ማታ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና የእኅቴ ልጅ ያለ ችቦ ወደ ሰፈሩ ደመራ ሄድን፤ ካህናቱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ተመለስን። ምሰሶው በየት በኩል እንደወደቀ እናታችን ጠየቁን፤ ነገርናቸው፣ «ደግ ነው» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ። ከዚያ በላይ አላነሣንም። ድልድዩን አላየንም፤ ባጃጅ ነጂው ይቅር ይበለን፣ ለጥምቀት ሰሞን አቆይተነዋል።

ጭራሮውን ያሰርነው ወንድሜና እኔ ነበርን፤ ያደረቅነውና ያሰርነው ግን ከጎረቤታችን ማድ ቤት ነው። ጎረቤታችን በልቅሶው ወቅት አርባ ቀን ሙሉ ከቤታችን ያልጠፉ ሴት ናቸው፤ ጉዳዩን ሳነሣላቸው እትዬ ከፋሲሎ ያሉትን አንድ በአንድ የሰሙ ይመስል «እኔ ከመንገድ አላልፍም» አሉኝ። በ17 ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ልጃቸው ችቦውን ከራሳቸው በር ላይ ለኩሶ ከአጥራችን ውጭ ቆመ። እኛም ወጥተን አብረነው ቆምን። በሩን ገርበብ አድርገን ተውነው።

የሜጫው ወንድማችን ያስጠነቀቀን ደረሰብን። ወንድሜ መንገድ ላይ ይፈታል ብሎ ልጡን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠምጥሞት ስለነበር ችቦው አንድ ስንዝር ያህል ከነደደ በኋላ መጨስ ጀመረ። ልጁ ያወዛውዘዋል፣ ወንድሜ ይነፋል፣ እኔ ክብሪት ፍለጋ ኪሴን እዳብሳለሁ፤ የእኅቴ ልጅ ልታለቅስ ደርሳለች። በዚህ መሐል ከኋላችን «ልጡን ፍቱለት እንጂ፣ አንቃችሁት!» የሚል ድምፅ ሰማን። እናታችን በጥቁር ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል። ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ ራሳቸው መጥተው የላይኛውን ልጥ በጥፍራቸው ፈቱት፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን። ጭራሮው ተንዠርግጎ ሲለቀቅ እሳቱ ቦግ አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቅደም የሚል ነገር አልተነሣም፤ ጎን ለጎን ሄድን። ሐይቁ ድረስ አልወረድንም። መንገዱ ወደ ታች ሲያዘቅዝቅ ውኃው የሚታይበት አንድ ጥግ አለ፤ እናታችን እዚያ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ዐረፉ፣ እኛም ቆምን። ከተማው ማታውኑ ለኩሶ ስለጨረሰ በዚያ ሰዓት የሚታየው እሳት ጥቂት ነበር፤ በማዶ ሁለት፣ ከእኛ በስተግራ ደግሞ አንድ። ሲነጋ ወንድሜ ወደ ደመራው ቦታ ሄዶ አመዱን ይዞ መጣ፤ እናታችን ለሁላችንም ቀቡን፣ በመጨረሻም ለራሳቸው። «ዝም ያልኩ» ያሉት ስጋት እኔም ላይ ነበር፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ለእናታችን ጎረቤታችንን ያማከርኳቸው እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። «በጭራሮው ሽታ ነው ያወቅሁት፤ ሳምንቱን ሙሉ ከጎረቤት ማድ ቤት እየወጣሽ እኔ ቤት ትሸቻለሽ» አሉኝ።

ማታ ታላቅ ወንድማችን ከአዲስ አበባ ደወለ። በዋዜማው ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ አሥራ አንድ ደመራ መቁጠሩን ነገረንና እኛ ስንት እንደቆጠርን ጠየቀን። የእኅቴ ልጅ ስልኩን ከእጄ ወስዳ «አራት» አለችው።